በሁለት እጅ የተሰጠ ብስኩት

“ይህንንም ይያዙ፣ አያ” አለች ስንቄ፣ ብስኩቱን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ።

ሰውየው ጨው የሞላ ፌስታል በሁለት እጁ አቅፏል፤ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጧል፤ የጋቢውን ጫፍ እንዳይወድቅበት በጥርሱ ነክሶታል። ብስኩት የሚይዝበት ትርፍ እጅ አልነበረውም። ግን የሰው ልጅ ጎንበስ ብላ በሁለት እጅ የዘረጋችለትን ነገር እንዴት አድርጎ እንቢ ይበል? ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ፣ ጋቢውን ከጥርሱ ለቀቀ፣ ብስኩቱን ተቀበለ። መጠየቅ ትዝ ያለው ከተቀበለ በኋላ ነው።

“የጾም ነው፣ ልጄ?”

“አዎ አያ፣ የጾም ነው።”

“እንግዲያው ይሁና። ዳገቱ ላይ አረፍ ስል በውኃ እቀምሳታለሁ” አለና ከመቀነቱ ብር ፈታ።

ከጀርባዋ የቆመው ያርጋል ነጩ ሰሌዳ ላይ ከስሟ ትይዩ አንድ ጭረት ጨመረ። “ሃያ” አለ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። “ሠርካለም ሠላሳ አንድ ደርሳለች።”

ዋሴ ሱፐርማርኬትን ሱፐርማርኬት ያሰኘው የመስታወት በሩ ነው። ከዚያ ውጪ እንደማንኛውም የደባርቅ ሱቅ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪትና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ልዩነቱ ደንበኛው ዕቃውን ራሱ ከመደርደሪያ አንስቶ ወደ ካሸሮቹ ይዞ መምጣቱ ነው። ይህ ደግሞ ከደረስጌ በኩል ለሚመጣው ባላገር ገና አልተለመደም፤ ሰው ቤት ገብቶ ያልሰጡትን ማንሳት ያሳፍረዋል። ጨው ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ጨዉን አቅፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተራውን ይጠብቃል።

ይህን ዓይነቱን ሰው ያርጋል አሳምሮ ያውቀዋል። የባለቤቱ የአቶ ዋሴ የወንድም ልጅ ነው፤ ደባርቅ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቶ፣ ከሦስት ወር በፊት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ። በመጣ በሳምንቱ ሁለቱን ካሸሮች፣ ስንቄንና ሠርካለምን፣ አስቁሞ አሠለጠናቸው።

“አዲስ አበባ ላይ ‘ሌላስ ምን ልጨምርልዎት?’ ብለህ ትጠይቃለህ፤ ሰውየውም ‘በቃኝ’ ብሎህ ይሄዳል። የኛን አገር ሰው ግን አትጠይቁት። ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር በሁለት እጅ ስጡት። ጎንበስ በሉ። የኛ ሰው በሁለት እጅ የተሰጠውን አይመልስም።”

ያን ጊዜ ሠርካለም ስቃ ነበር። ስንቄ አልሳቀችም። ደባት ያለው አባቷ ትዝ ብሏት ነው። አባቷ በይሉኝታ የማያስፈልገውን ጃንጥላ፣ የማይልከውን የፖስታ ካርድ፣ አንድ ጊዜም የሴት ጫማ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ነው። ያርጋል የሚናገረው ስለ እሱ ነበር፤ ግን ምን ትላለች? ከጎንደር በአካውንቲንግ ተመርቃ አራት ዓመት እናቷ ጓዳ ምስር ስትለቅም የኖረች ልጅ ናት። ይህ ሥራ ሰባተኛ ወሩ ነው። ደባት ተመልሳ “ሥራሽስ?” ለሚላት ሁሉ መልስ ከመስጠት ሊማሊሞን በእግሯ ብትወርድ ይቀላታል።

ዘንድሮ ደግሞ ገበያው ቀዝቅዟል። ያርጋል ሰሌዳውን የሰቀለው ለዚሁ ነው፤ አንድ ካሸር ይበቃናል ብሏል። ቅዳሜ ሱቁ ሲዘጋ ጭረቷ ያነሰባት ሰኞ አትመጣም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የገበያ ቀን በመሆኑ ሰልፉ ከመስታወቱ በር አልፎ፣ ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ፍሬናቸውን ከሚያስፈትሹበት አስፋልት ዳር ደርሷል። ከውጪ የገባ ሁሉ የነጭ ሽንኩርትና የብርድ ሽታ ይዞ ይገባል።

በሁለት እጅ የሚሰጠው የዚህ ሳምንት ዕቃ ብስኩት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ያርጋል የዋጋውን ስቲከር ከጀርባ በኩል እንዲለጥፉት ነገራቸው።

“ከፊት አይሻልም?” ብላው ነበር ስንቄ።

“ሥዕሉን ይሸፍነዋል። እዚህ፣ ከታች፣ ይቺ ደቃቅ ጽሑፍ ላይ። ሰው ከጠየቃችሁ የጾም ነው በሉ።”

ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ስንቄ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ ገልብጣ የማንበብ ልማድ ነበራት፤ የሻምፑውን፣ የዘይቱን፣ የባትሪውን ድንጋይ ሳይቀር። የዚህን ብስኩት ጽሑፍ ግን አላነበበችውም። ስቲከሩን ለጠፈችና ቀጣዩን አነሳች፤ ያንንም ለጠፈች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ያርጋል ሌላ ካርቶን ሊያወጣ ወደ መጋዘን ገብቶ ሳለ ምስክር ተራው ደረሰ። ምስክር ፈረንጅ ወደ ተራራው የሚያወጣ አስጎብኚ ነው። ከስንት ጊዜ ሥራ መፍታት በኋላ ሁለት ቱሪስት አግኝቶ ፊቱ በርቷል።

“ስንቄ፣ ጉድ ይዤልሽ መጥቻለሁ” አለ። “ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ፈረንጅ። ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ማር እንኳ አይቀምስም። እኛ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን እንኩራራለን።”

“ክርስቲያን ነው?”

“ኧረ እሱ ለእንስሳቱ አዝኖ ነው። እኔ ደግሞ ለእሱ አዝኛለሁ። አራት ቀን ሙሉ እዚያ ብርድ ላይ ምን ላብላው?”

ስንቄ ብስኩቱን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። “ይህ የጾም ነው።”

ምስክር ተቀበለ፤ ግን እንደ ባላገሩ አልከፈለም። ሥራው አስተምሮታል፤ ለውዝ ከቀመሰ ትንፋሹ የሚቆምበት ፈረንጅ አንዴ አጋጥሞት ስለነበር ሳያነብ ምንም ነገር አይገዛም። ብስኩቱን ገለበጠው። የስቲከሩን ጫፍ በጥፍሩ ፈልቅቆ ላጠው። ከንፈሩ ለትንሽ ጊዜ ሳይሰማ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ስንቄ፣ ይህማ የፍስክ ነው። ወተትም ቅቤም አለበት።”

“የቱ ጋ?”

በጣቱ አሳያት። ከስቲከሩ ሥር፣ ደቃቅ ሆኖ፣ ተጽፏል። አራት ዓመት በእንግሊዝኛ መማሯ ለዚህ ቀን ነበር።

ምስክር ሰው የሚያሳፍር ሰው አይደለም። ብስኩቱን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። “ግድ የለም፣ በሶ ይዤለት እወጣለሁ” ብሎ ይዞት የመጣውን የሻማ ሒሳብ ብቻ ከፍሎ ወጣ።

ስንቄ የሌላ ብስኩት ስቲከር ላጠች። ያው ነው። ሦስተኛውን ላጠች። ሰልፈኞቹን “አንዴ” ብላ ወደ መጋዘን ገባች።

ያርጋል ጎንበስ ብሎ ካርቶን እየቀደደ ነበር።

“ይህ ብስኩት ወተት አለበት” አለችው።

ቀና ብሎ አያት፤ አልደነገጠም። ስንቄን ያስደነገጣት እሱ አለመደንገጡ ነው።

“ታውቅ ነበር?”

“ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ።”

“ታውቅ ነበር ወይ?”

“ሰማንያ ካርቶን ነው፣ ስንቄ። ጎንደር ላይ በግማሽ ዋጋ ሲሰጡኝ ደስ ብሎኝ ጫንኩት።”

“ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው?”

ያርጋል ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። አምስት ዓመት ሆቴል እየበላ ሲኖር የጾሙ መግቢያ ቀን ከራሱ ወጥቶበት ነበር፤ ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚረሳ ነጋዴ የለም። ጎንደር ያለው አከፋፋይ ግን አልረሳም፤ ለዚያ ነው በግማሽ ዋጋ የሰጠው።

“ከፋሲካ በፊት ጊዜው ያልፍበታል” አለ በመጨረሻ። “አጎቴ ገንዘቡን አምኖ የሰጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደግሞ ሳያውቅ የበላ ሰው ጾሙን አልገደፈም። ከፈለግሽ ቄስ ጠይቂ።”

“እሺ፣ እነሱ ላይ አይቆጠርም። እኔ ላይስ?”

“አንቺ መች በላሽ?”

“እኔ አበላሁ።”

“ወተት ነው እንጂ መርዝ አይደለም” አለ፤ ትዕግሥቱ እያለቀ ነበር። “ሠርካለምን ለማለፍ አሥራ ሁለት ቀርቶሻል። ሰኞ መምጣት ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?”

ትፈልጋለች። ይህን ልትክደው አትችልም። ካርቶኑን አቅፎ ሲወጣ ተከትላው ወጣች፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለሁለት ደንበኞች ብስኩት ሳትዘረጋ ሒሳብ ተቀበለች። ያርጋል ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሦስተኛዋ ደንበኛ እማሆይ ካሴ ነበሩ። ቢጫ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ድረስ አጥልቀው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ አንድ ፓኮ ክብሪትና ትንሽ ጨው ይዘው መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ከሦስት ባልቴት መነኮሳት ጋር ነው የሚኖሩት። ሐሙስ ዕለት ከስንቄ እጅ አንድ ብስኩት ተቀብለው ነበር። እሳቸውም እንደሌላው ሰው ጠይቀዋታል፤ ለእሳቸውም እንደሌላው ሰው መልሳለች።

“እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ” አሉ። “ያን የሐሙሱን ብስኩት አምስት ስጭኝ።”

ስንቄ እጇ ክብሪቱ ላይ ቀረ።

“አብረውኝ ያሉት ጥርስ የላቸውም፤ ቆሎው አቃታቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በውኃ አርሼ ባቀምሳቸው ጊዜ ወደዱት። አንችንም መረቁሽ።”

ያርጋል ጎንበስ ብሎ አምስት ብስኩት ከካርቶኑ አወጣና በክርኗ አጠገብ ደረደረላት። አምስት ጭረት ነው፤ በአንድ ሰው። ስንቄ ብስኩቶቹን አየቻቸው። ከወንበሯ ተነሣች።

“እማሆይ፣ ልሰጥዎ አልችልም።”

“አለቀ?”

“አላለቀም። የፍስክ ነው። ወተትም ቅቤም አለበት። ሐሙስ የጾም ነው ብዬ የሰጠሁዎት ይህንኑ ነው።”

“ስንቄ” አለ ያርጋል በጥርሱ መሀል።

ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። “አላየሁም ነበር፣ እማሆይ። ያላየሁትም ማየት ስላልፈለግሁ ነው። የተጻፈውን በዚህ እጄ ነው የሸፈንኩት።”

እማሆይ ካሴ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሲቆጡም ሲያለቅሱም አልታዩም፤ ደክሟቸው የነበረ ሰው ሌላ ሸክም ሲጨመርበት የሚያሳየውን ፊት አሳዩ።

“አራታችንም በልተናል” አሉ።

“ይቅር ይበሉኝ።”

“የኛስ ቀላል ነው። ንስሐ አባታችን እደጃችን ናቸው፤ እነግራቸዋለሁ፤ ስገዱ ያሉንን እንሰግዳለን። አንች ለስንቱ ሰው እንዲህ እያልሽ ሰጥተሻል?”

“ብዙ ነው፣ እማሆይ።”

“እንግዲያው ለእኔ ብቻ አትንገሪኝ” አሉና ሒሳባቸውን አስቀምጠው ጨውና ክብሪታቸውን አንስተው ወጡ።

ከኋላ ያለችው ነጭ ሽንኩርት የሸጠች ሴትዮ “ምን አበላችሁን?” አለች። ወሬው በሰልፉ ላይ ወደ በሩ ወረደ። አንዱ ትናንት ሁለት መግዛቱን፣ ሌላው ለነፍሰ ጡር ሚስቱ መውሰዱን ተናገረ። አንድ ጎልማሳ ኪሱ ውስጥ የነበረውን አውጥቶ በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ስንቄ ብሩን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው።

“ቅድም ጨው የገዙት፣ ግራጫ ጋቢ የለበሱት ሰውዬ…” አለች ወደ ሰልፉ። “የሚያውቃቸው አለ?”

“የኛ አገር ሰው ነው” አለች ባለ ነጭ ሽንኩርቷ። “አንድ መንገድ ነን። ደርሼበት እነግረዋለሁ።”

በዚህ መሀል በሠርካለም መደዳ አንዲት ወጣት እናት ብስኩት ተቀብላ ቆማለች። “እህቴ፣ ይህም የጾም አይደለም ማለት ነው?” ብላ ጠየቀቻት። ሠርካለም ሠላሳ አራት ጭረት አላት። ያርጋልን አየችው፣ ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ የጋዋኗን እጅጌ መጠቅለል ጀመረች። “ስንቄን ጠይቂያት” አለች በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብላ። ሴትዮዋ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ብስኩቱን መልሳላት ሄደች።

ያርጋል የስንቄን ክንድ ያዘ። “ጋዋንሽን አውልቂ።”

“አላወልቅም።”

“ምን አልሽ?”

“የቀጠሩኝ አቶ ዋሴ ናቸው። አውልቂ ካሉኝ እሳቸው ይበሉኝ። አንተ ከፈለግህ ሰሌዳህ ላይ ጻፍ።” ክንዷን አስለቀቀች፤ ቁጭ አለች። “ተረኛ” አለች ጮክ ብላ።

ያርጋል ስልኩን ይዞ ወደ ውጪ ሲወጣ ስንቄ ሕጉን ሳትጥስ ሥራዋን ቀጠለች። ለቀጣዩ ደንበኛ ጎንበስ ብላ፣ ብስኩቱን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ “ይህ ብስኩት ወተትና ቅቤ አለበት። የፍስክ ነው። ይፈልጋሉ?” አለችው። ሰውየው እጁን እንደ ተቃጠለ ሰበሰበው። ሰልፉ ሳቀ። ለሚቀጥለውም እንዲሁ አለች። ባላገሩ ነገሩን እንደ ጨዋታ ያዘው፤ ተራው የደረሰ ሁሉ “እስቲ እኔንም በይኝ” ማለት ጀመረ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። ተናዳ ነበር፤ በያርጋልም፣ በራሷም፣ ጎንበስ በማለት ይህን ሁሉ ሰው ልታታልል በመቻሏም።

ጎረቤት ሻይ ቤት ያለው ሰይድ ስኳር ይዞ ሲመጣ ለእሱም ዘረጋችለት።

“ለኛ ምን ይከለክለዋል” አለ። “ለማታ ማፍጠሪያ ይሆናል። ሦስት አድርጊልኝ። ጊዜው ግን አላለፈበትም?”

“ሊያልፍበት አንድ ወር ገደማ ነው የቀረው።”

“ይህንንም ነገርሽኝ?” ብሎ ሳቀ። “እንግዲያስ አራት ይሁን፤ ቶሎ እንጨርሰዋለን።”

አቶ ዋሴ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ቤታቸው ከተኙበት ተጠርተው በባጃጅ ደረሱ። ያርጋል በሩ ላይ የሆነውን ሲነግራቸው በመስታወቱ ውስጥ ይታያል፤ እጁን እያወናጨፈ ወደ ስንቄ ያመለክታል። “አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው” አለች ሠርካለም ለራሷ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

አቶ ዋሴ ገቡ። አንድ ብስኩት አንስተው አገላበጡት። እንግሊዝኛ አያነቡም። “ይህ ነው?” አሉ።

“እሱ ነው፣ ጋሼ።”

“ሐሙስ ማታ በሻይ የበላሁት?”

አቶ ዋሴ ከዕድሜያቸው አርባውን ዓመት ሁዳዴን ሳይገድፉ ጾመዋል፤ ይህን አገር ያውቃል። ፊታቸው ጠቆረ። ለአፍታ ያህል ስንቄ የያርጋልን መጨረሻ ያየች መሰላት። ነገር ግን አቶ ዋሴ ከሰውነታቸው እኩሌታው ነጋዴ ነው፤ ዓይናቸው ሳይወዱ ወደ መጋዘኑ በር ሄዶ ተመለሰ። ሰልፈኛውን ስህተት መፈጠሩን፣ ብስኩቱን መልሶ ላመጣ ሁሉ ብሩ እንደሚመለስለት ነገሩት። ከዚያ ወደ ስንቄ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ይኸውልሽ፣ ልጄ። የበላነውን በልተናል። ከእንግዲህ የጾም ነው የሚል ሰው እዚህ ቤት አይኖርም። የጠየቀሽን እውነቱን ንገሪው። ያልጠየቀሽን ግን ዝም ብለሽ ስጪው። ውሸት የለበትም።”

“ጋሼ…”

“ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያን ሰሌዳ አስወርደዋለሁ። ሁለታችሁም ሰኞ ትመጣላችሁ። ያርጋልን እኔ አነጋግረዋለሁ፤ ዘመድ ስለሆነ ቀለል የሚለው እንዳይመስልሽ። ሰማንያ ካርቶን ግን ገደል ልከተው አልችልም። ግማሹን እንኳ ልሽጥ። ተስማማን?”

መጥፎ ሰው አይደሉም። ያሉትም ነገር ሲሰሙት ቀና ነው፤ ቄስም ቢሰማው ምናልባት እሺ ብሎ አንገቱን ይነቀንቅ ይሆናል። ስንቄ በልቧ አሰላች። ሰኞ ትመጣለች። ደባት ማንም ምንም አይጠይቃትም።

“እሺ፣ ጋሼ” አለች።

አቶ ዋሴ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ከጎኗ ቆሙ። ያርጋል ፊቱን አዙሮ ሰሌዳውን ያወርድ ጀመር።

ተረኛው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰልፈኞቹ ለዕድሜያቸው ተራ ለቀውላቸው፣ ከውጪ አሁን ገና መግባታቸው ነው፤ ቅድም የሆነውን አላዩም፣ አልሰሙም። ሁለት የልብስ ሳሙና ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ስንቄ ከአቶ ዋሴ ዓይን ሥር ብስኩቱን አንስታ ጎንበስ ብላ ዘረጋችላቸው።

ሽማግሌው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ተቀበሉ። “እግዜር ይስጥልኝ” አሉ። ጠበቀች። የጾም ነው ወይ ይላሉ ብላ ጠበቀች። ሽማግሌው ግን ብስኩቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ከዚያ የከረጢታቸውን አፍ ፈትተው ብር መፈለግ ጀመሩ። እየፈለጉም ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ፣ አምባ ጊዮርጊስ ስለዳሯት ልጃቸው አወሯት። መጠየቅ በሐሳባቸው አልነበረም። የሚጠይቅ ሰው ትንሽ የተጠራጠረ ሰው ነው፤ እሳቸው ክርስቲያን ቤት ገብተው፣ ከክርስቲያን ልጅ እጅ ተቀብለዋል።

አቶ ዋሴ ቀጣዩን ሰልፈኛ “ና፣ ጠጋ በል” እያሉ ነው።

“አባቴ” አለች ስንቄ። “ያን ብስኩት ይመልሱልኝ።”

ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ያጠፉት ነገር ያለ መሰላቸው። “ምነው፣ ልጄ?”

“የፍስክ ነው። ወተት አለበት።”

“እኔ መች ጠየቅሁሽ?” አሉ፤ ግራ ገብቷቸው እንጂ ተቆጥተው አይደለም።

“አልጠየቁኝም” አለች። “ላልጠየቀኝም እነግራለሁ።”

የመጨረሻውን ለሽማግሌው አልነበረም የተናገረችው። አቶ ዋሴ ከጎኗ እንደ ቆሙ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይሰማታል። ስንቄ ወደ እሳቸው ዞር አላለችም። ሽማግሌው የነጠላቸውን ቋጠሮ እስኪፈቱላት ጠበቀች፤ ብስኩቱን ተቀብላ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና የሁለቱን ሳሙና ሒሳብ ነገረቻቸው።